ማይክሮስኮፕ በከረጢት፦ ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት

ሐሙስ፦ አዲስ አበባ፣ ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን

የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ የተሰባበረ ዴስክ ይከማችባት የነበረችን አንዲት ክፍል ለቀቀለት፤ እሱም በዓይን የማይታየውን ሕይወት የምታሳይ ሙዚየም አደርጋታለሁ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ሲብሰለሰልባት ከረመ። እኔ ለሥራ አምስተርዳም በሄድኩበት አጋጣሚ ማይክሮፒያ የሚባለውን የጥቃቅን ተሕዋስያን ሙዚየም ስላየሁ በእሱ ዘንድ የነገሩ አዋቂ ተብያለሁ። «ፈቃድሽን ውሰጂና ነይ፤ ዞር ዞር ብለን ክፍሏ ውስጥ የሚገባውን እንሰብስብ» ብሎ ሲደውል የጥቅምት ውርጭ ፊቴ ድቅን አለ። ቢሆንም ጋቢዬን ጠቅልዬ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርኩ።

ማይክሮፒያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከ1838 ጀምሮ ካለው የአርቲስ መካነ እንስሳት አጠገብ። ጎብኚ መጀመሪያ የሚገባው ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍቱ ሲነሣ ከራስ በላይ ባለው ስክሪን ላይ ካሜራ ወደ ሰው ዓይን ይጠጋል፤ ሽፋሽፍት ሥር ተሸጉጠው የሚኖሩትን ጥቃቅን ተባዮች፣ ከተባዮቹ ላይ ባክቴሪያዎቹን፣ ከባክቴሪያዎቹ ላይ ደግሞ ቫይረሶቹን እያቀረበ ያሳያል። በሩ ሲከፈት ሰው ዓይኑን እያሸ ነው የሚወጣው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። በማይክሮስኮፖቹ ሥር በሕይወት ያሉ ተሕዋስያን ይዋኛሉ፤ ግድግዳው ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቀሉ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ከመስታወት ጀርባ ባለሙያዎች ሲቀልቧቸው ይታያሉ። ጥንዶች ተሳስመው ስንት ባክቴሪያ እንደተለዋወጡ የሚነገርበት ቦታም አለ። በዚያው ዓመት የወጣ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት የአሥር ሰከንድ መሳሳም እስከ 80 ሚሊዮን ባክቴሪያ እንደሚያሻግር ገምቷል። ይህኛውን ደብረ ብርሃን ለማስገባት አላሰብንም።

ከሁሉም የገረመኝ የጎብኚዎቹ ፊት ነበር። እዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው ቀና የሚለው ፈገግ ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ማይክሮስኮፕ የጤና ጣቢያ ዕቃ ነው። ደም ወይም ሰገራ ሰጥተህ፣ ስምህ በመስኮት እስኪጠራ አግዳሚው ላይ ትጠብቃለህ፤ የሚወጣው ወረቀት ደግ ነገር ይዞ አያውቅም።

ይኼው ነገር ሸኖ ላይ አገኘኝ። መኪናው ሲቆም ቅቤ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። የሸኖ ቅቤ ማስታወቂያ አያሻውም፤ እኔ የፈለግሁት ግን አሬራ ነበር። ወረድ ብዬ አንዲት እናት ዘንድ ቀረብኩ።

«እማማ፣ አሬራ አይጠፋዎትም? ለጠብታ ያህል ነው።»

«ለጠብታ? ምን ሊሆንሽ?»

«በማይክሮስኮፕ ላየው ነው።»

«ውይ ልጄን! ሆድሽን ነው የሚያምሽ?»

ደህና ነኝ ብዬ ብምል ብገዘት አላመኑኝም። ሙሉ ኩባያ ሰጡኝ፤ «ጠጪው፣ ይሻልሻል» አሉኝ፤ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹን በጠርሙስ ያዝኩ።

የእኛ ቅቤ ከጥሬ ወተት ላይ ክሬሙ ተገፎ አይሠራም። ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ለቀናት እየተጠራቀመ ይረጋል፤ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ሲወጣ አሬራው ይቀራል። የሚያረጋው ላክቲክ አሲድ የሚያመርት ባክቴሪያ ነው፤ ከላሟ ጡት፣ ከአላቢዋ እጅ፣ ከዕቃው ግድግዳ ይመጣል። የወይራው ጭስ ወተት የሚያበላሹትን ይቀንሳቸዋል፣ መዓዛም ይሰጣል። ፓስተር ወተት የሚያኮመጥጠው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ያን ጊዜ እዚህ አገር ያለ ጭስ ወተት የሚያስቀምጥ ባለሙያ ሴት ነበረች ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ዓርብ፦ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፣ የጋሪ ፈረሶቹ አፍ ይጨሳል። የአክስቴ ልጅ ክፍሏን አሳየኝ። ሁለት ማይክሮስኮፖች አሉ፤ አንደኛው አምፖል የሌለው፣ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየወሰደ የሚሠራ አሮጌ ነው። እኔ የያዝኩት ፎልድስኮፕ የሚሉት ከወረቀት የሚታጠፍ ነው፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማኑ ፕራካሽ ቡድን የሠራው፣ 140 ጊዜ ገደማ የሚያጎላ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር። የስልክ ካሜራ ይለጠፍበታል። ክፍሏ ውስጥ ያለው ኤግዚቢት ለጊዜው ይኸው ነበር፤ ሌላው ባዶ ጠረጴዛ ነው።

ስለዚህ ከቤት ጀመርን። አክስቴ ሊጧን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ባና ታለብሰዋለች። አዲስ አበባ ሁለት ቀን የሚበቃው ሊጥ እዚህ ብርዱ ሲጠና ይዘገያል፤ ይህን በመጽሐፍ አልተማረችውም። ከላይ የተንሳፈፈውን ብጫ ውሃ በማንኪያ ጫፍ ወስደን መስታወቱ ላይ ጠብ አደረግን፤ የአክስቴ ልጅ ሜትሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጨመረበትና 400 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ አስተካከለው።

መጀመሪያ የሚታየው የጤፍ ዱቄት ፍርፋሪ ነው፤ ትልቅ፣ ጠርዘ ሻካራ፣ መስኩን የሚዘጋ። ትንሽ ወደ ጎን ሲገፉት ውሃው ጥርት ይልና እርሾዎቹ ብቅ ይላሉ፤ ሞላላ፣ ጥርት ያሉ፣ ርዝመታቸው 5 ማይክሮን ገደማ። 200ዎቹ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር አይዘልሉም። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር አውጥቷል፤ የሚራባው እንዲያ እያጎነቆለ ነው። በመካከላቸው ከነሱ እጅግ የቀጠኑ ጭረት የመሰሉ ባክቴሪያዎች ይንቀጠቀጣሉ። እርሾው ጋዝ ያወጣል፣ የእንጀራው ዓይን ከዚያ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ከባክቴሪያዎቹ። ተመራማሪዎች ከጤፍ ሊጥ ካገኟቸው እርሾዎች አንዱ ካንዲዳ ሁሚሊስ ይባላል፤ ግን አንድ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ አንድ ዘር የለም፣ ማኅበር ነው። ሰማያዊው ቀለም የሞተውን ለመለየት ነው፤ በሕይወት ያለው እርሾ ቀለሙን ስለሚያከሽፈው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ የሞተው ግን ሰማያዊ ይሆናል።

አክስቴ አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«የሞተው ነው፣ እማዬ።»

«ይሄን ያህል? ከማክሰኞ ጀምሮ ዱቄት አላስነካሁትማ፣ ርቧቸው ነው» ብላ ብድግ አለችና ቡሃቃውን ከፈተች።

ከሰዓት በኋላ እሷው ወደምታውቃት ጠላ ጠማቂ ወሰደችን። ሴትዮዋ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጥንስሱን ጥላ ነበር የጠበቀችን። ስለ ማይክሮስኮፕ ስናወራ እምብዛም አልደነቃትም። ይልቅ ጆሮዋን ድፍድፉ ላይ አዘንብላ አዳመጠችና «ገና ነው፣ እስከ ነገ ይንጫጫል» አለች። ድምፁ የእርሾው ጋዝ ነው። ጌሾው ምሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን የመግታት ጉልበት አለው። ጋኑ ሳይታጠን ቢቀርስ ብላት፣ «ኮምጣጤ ሆኖ ደንበኛዬ ፊቱን ያዞርብኛል» አለች። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን ሳይነግራት ማንም፣ ጠላቶቿን በሥራቸው ታውቃቸዋለች። አምስተርዳም ከመስታወት ጀርባ ነጭ ጋዋን ለብሰው ያየኋቸው ሰዎች ከእርሷ የሚለዩት ሙያውን ጽፈው በመያዛቸው ይመስለኛል። ጽሕፈት ግን ትንሽ ነገር አይደለም፤ እሷ ስታልፍ ሙያው አብሯት እንዳይሄድ የአክስቴ ልጅ የምትለውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ሲጭር ነበር።

ስንመለስ ከበሬሳ ወንዝ ዳር ከቆመ ውሃ አንድ ጠርሙስ ቀዳን። አረንጓዴ ክር የሚመስል አልጌ፣ ዳያተም የሚባሉ የመርከብ ቅርጽ ያላቸው አልጌዎችና ፓራሚሲየም የሚባሉ ጥቂት ባለ አንድ ሕዋስ ዋናተኞች ወጡበት። ይህን ማንኛውም ኩሬ ይሰጣል፤ ለተማሪ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጥ ነገር ማሳየት ይጠቅማል።

ቅዳሜ፦ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉም ስለነበር ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል የሚታየውን ዝነኛ ገደል አላየነውም። የሸዋ ነገሥታት ከተማ ከነበረችው አንኮበር፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የድንጋይ ካብ ቅሪት ነው ያለው፤ እኛም ጉዳያችን ከካቡ ጋር ነበር። ድንጋዩ ላይ ግራጫ፣ ብርቱካንማና ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ የተለጠፈው ነገር አንድ ፍጥረት አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ መጠለያና ውሃ ይይዛል፣ አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል። እድገቱ በዓመት በሚሊ ሜትር የሚለካ በመሆኑ ከካቡ ላይ ምንም አልፋቅንም፤ ከመንገድ ዳር ጥድ ወድቆ ያገኘነውን ጢም መሰል አረንጓዴ ብቻ ወሰድን።

ጣሊያናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከአንኮበር አቅራቢያ ጣቢያ መሥርቶ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አርፏል። በዓለም የታወቀችው የአንኮበር ወፍ ግን ለሳይንስ የተገለጠችው ከርሱ ሞት ዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ወፍ እንዲህ ከተሰወረ ካቡ ላይ የተለጠፈው ስንት ያልተቆጠረ ነገር ይዞ ይሆን እያልን ወረድን።

ሹፌራችን ጸበል አጠገብ ሲያቆም ጠርሙሶቻችንን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጸበሉንም ልታዩት ነው?» አለ። የአክስቴ ልጅ «አይ፣ እሱን ጠጥተን ነው የምንሄድ» አለው። እንዳለውም አደረግን።

እሁድ፦ መሐል ሜዳ

ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈን በመዘዞና በሞላሌ አድርገን መንዝ ገባን። የአክስቴ ልጅ ባልደረባ ቤተሰብ ዘንድ ክርስትና ስለነበረ ደርሰን የወጣነው ድግስ መሐል ነው። ስንገባ አባወራው በግ እየገፈፉ ነበር። የአክስቴ ልጅ ዓይን ፈርሱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ለካ ከደብረ ብርሃን ሲነሣ ፔርሙዝ የያዘው ለቡና አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግ ሣር ይበላል እንጂ ሣር መፍጨት አይችልም። የሣሩን ጠንካራ ክፍል የሚሰባብረው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ነው፤ ባክቴሪያ፣ ፈንገስና ከእነሱ የሚተልቁ ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳት። እነሱ ሲያብላሉት የሚወጣውን አሲድ በጉ ይወስደዋል፣ ጉልበቱ እሱ ነው፤ የእነሱን አካል ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ፈጭቶ ፕሮቲን ያደርገዋል። ግሩቢና ዴላፎን የተባሉ ሁለት ሰዎች እነዚህን ባለ ፀጉር ፍጥረታት ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። አንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ውሃ ውስጥ እስከ ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ፤ ባክቴሪያዎቹ በቢሊዮን ናቸው።

ችግሩ ብርድ አይወዱም፤ አየርም አይስማማቸውም። የበግ ሆድ 39 ዲግሪ ነው፣ የመሐል ሜዳ አየር በዚያ ሰዓት አሥርም አይሞላ። ስለዚህ ጭልፋ ሙሉ ፈርስ በጨርቅ ጨምቀን ውሃውን ቀድሞ በሙቅ ውሃ ወደ ታጠበው ፔርሙዝ አስገባን፤ መስታወቱን ብብቴ ሥር አሞቅሁት፤ ማይክሮስኮፑን ከጓዳው ምድጃ አጠገብ ተከልን። 100 እጥፍ በቂ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ማይክሮፒያም አላየሁ። መስኩ ዳር እስከ ዳር ይርመሰመሳል። ትልልቆቹ ዕንቁላል የመሰሉ ናቸው፤ ከፊታቸው ያለው የፀጉር ቀለበት ሲሽከረከር ውሃው ይታመሳል፤ አንዳንዶቹ ከኋላቸው እሾህ መሰል ጭራ አላቸው። ሣር ቁራጭ ላይ ሲደርሱ ይገፉታል፣ ይዞሩታል፤ ሆዳቸው ውስጥ የዋጡት ይታያል። ትንንሾቹ በመካከል ሽው ይላሉ። አንዱን ልከተል ብዬ መስታወቱን ባንቀሳቅስ ሌላው ይተካል።

አባወራው እጃቸውን ታጥበው መጡ።

«እስቲ ይዩት፣ አባባ» አልኳቸው።

አዩ። ቀና አሉ። ደግመው አዩ።

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ አባባ።»

«በጉ ሞቶ?»

መልስ ሳይጠብቁ የንስሐ አባታቸውን ጠሩ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ልጆቹ ተግተለተሉ። ሁሉም አልደረሰም፤ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ፍጥረታቱ እየተንቀረፈፉ ሄደው ቆሙ፤ ከፔርሙዙ አዲስ ጠብታ መጨመር ነበረብን። አባወራው ክረምት ላይ እርጥብ ማገጥ የበላ በግ ሆዱ ተነፍቶ ስለሚሞተው ጠየቁ፣ ይህም የእነዚህ ሥራ እንደሆነ። የአክስቴ ልጅ ጋዙን የሚያወጡት እነዚሁና ባክቴሪያዎቹ መሆናቸውን፣ ጋዙ በግሳት መውጣት ሲያቅተው ሆዱ እንደሚወጠር አስረዳቸው። ሌሊቱን ስለ በግ ብቻ ነው የተወራው። ክርስትና የተነሣው ሕፃን በሰላም ተኝቷል።

ሰኞ፦ ጓሳ

የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ 3,700 ገደማ ይደርሳል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት የአካባቢው የጥበቃ ሥርዓት ማኅበረሰቡ ራሱ የጠበቀው ሣር ነው፤ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩታል፣ በችግር ቀን ይከፍቱታል፣ ለቤት ክዳን ያጭዳሉ። ጭላዳዎቹ ጉብታው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮም አየን፤ ቀይ ጀርባዋን አሳይታን ጅባራዎቹ መሐል ገባች። ሰው ሁሉ ለእሷ ነው የሚመጣው፤ ጥበቃው እኛ ድንጋይ ሥር ስንንበረከክ ሲያይ ገንዘብ የጠፋን መስሎት አብሮን ሊፈልግ ጎንበስ አለ።

የምንፈልገው ሞስ የሚሉትን፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ደረቅ አረንጓዴ ምንጣፍ ነበር። ለጥበቃው ነግረን፣ እሱ ከፈቀደልን የመንገድ ዳር ድንጋይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቆነጠርን። ማታ ማደሪያችን ቡና ስኒ ውስጥ ዘፈዘፍናት።

ማክሰኞ፦ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት

ጠዋት ስኒዋ ውስጥ ያለውን ጨምቀን በወረቀቱ ማይክሮስኮፕ አየን። ብዙ አፈር፣ ብዙ ቅጠል፣ አንድ ትል። የአክስቴ ልጅ ሊያነሳው ሲል ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንፈራገጠ። ስምንት አጫጭር እግር፣ ጫፋቸው ላይ ጥፍር፣ ደንደን ያለ ገላ፣ ሆዱ ውስጥ የበላው አረንጓዴ ይታያል። ታርዲግሬድ ነው፤ የውሃ ድብም ይሉታል፣ ትልቁ ከሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጎትዘ የተባለ ጀርመናዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1773 የገለጸው ነው። ሲደርቅ እግሮቹን ሰብስቦ ይጠቀለላል፣ ሕይወቱ የቆመ እስኪመስል ይጠብቃል፣ ውሃ ሲያገኝ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ጠፈር ወስደው ባዶ ሰማይ ላይ አውጥተዋቸው፣ ከተመለሱት ውስጥ በሕይወት የተገኙ ነበሩ። ማይክሮፒያ ውስጥ ሞዴሉን በትልቁ ሠርተው አይቼ፣ ይህን ፍጥረት ለማየት ሩቅ መሄድ ያለብኝ መስሎኝ ነበር። የጓሳ በጋና የጓሳ ክረምት እንዲህ ያለውን ፍጥረት የሚያስለምድ ነው።

ከዚያ ቁልቁለቱን ያዝነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን (ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ ሰው አላውቅም)፣ ጋቢው ወለቀ፣ ሹራቡ ወለቀ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ላብ ያጠምቀን ጀመር። ማንጎ፣ ሽንኩርት፣ ትንኝ።

የምናውቀው የላቦራቶሪ ባለሙያ ጤና ጣቢያው ውስጥ ማይክሮስኮፑ ላይ ነበር። መስከረም ጠብቶ እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ቀና ለማለት ጊዜ አልነበረውም። አጠገቡ በጊምሳ ቀለም የተነከሩ ወይን ጠጅ ስላይዶች መደርደሪያ ላይ ይደርቃሉ። አንዱ ጠብታ ወፈር ያለ ነው፣ ወባው መኖር አለመኖሩን ለማግኘት፤ ሌላው በስሱ የተቀባ ነው፣ ዓይነቱን ለመለየት። በእኛ አገር በብዛት ሁለቱ ናቸው፦ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። የመጀመሪያው ቀይ ሕዋሱ ውስጥ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ ለትንኝ የተዘጋጀው መልኩ ግን እንደ ሙዝ የጎበጠ ነው፣ አንዴ ያየ አይረሳውም። ሁለተኛው ያለበትን ሕዋስ ያሳብጠዋል። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን በታማሚ ደም ውስጥ ያገኘው አልጄሪያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ነው።

ባለሙያው የለም ብሎ ከመጻፉ በፊት 1,000 እጥፍ እያጎላ ቢያንስ መቶ መስክ ማየት አለበት። መቶ መስክ፣ ለአንድ ሰው። ደጅ አግዳሚው ላይ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ስናልፍ አይተናል። ስለ በጉ ሆድ ስንነግረው ሳቀ፤ «እኔ እዚህ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሁ ዓመት አልፎኛል፤ ሁሉም ቀለም ነክቶት የሞተ ነው» አለ። ጠርሙሱን ከፈትንለት፣ ከበሬሳው ውሃ አንድ ጠብታ ሰጠነው። በምሳ ሰዓቱ አየው። ፓራሚሲየም እያሳደደ ስልኩን ሌንሱ ላይ ደግኖ ቪዲዮ ሲቀርጽ ትተነው ስንወጣ ለማስተማሪያ የተቀመጠ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ የወባ ስላይድ ሰጠን።

ረቡዕ፦ ደብረ ብርሃን

ክፍሏን ስናሰናዳ የተከራከርነው ስለዚያ ስላይድ ነው። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ላድርገው አለ፤ ተማሪው ስለ ወባ ስለሚያውቅ ቶሎ ይገባዋል ባይ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። ልጆቹ በሩን ሲገቡ የጠበቁትን ካገኙ ቀሪውን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው የሚያዩት። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ በር ላይ የበሬሳ ውሃ፣ ከዚያ የአክስቴ ሊጥና የሸኖው አሬራ ጎን ለጎን፣ ከዚያ የአንኮበሩ ጢም፣ ከዚያ የጓሳዋ ስኒ፣ ወባው ከሁሉ ኋላ። የበጉ ሆድ ፔርሙዝ ውስጥ አያድርምና ስልኬ ላይ የቀረጽኩት ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ እየተደጋገመ ይታያል። የጠላ ናሙናው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጠላ አይገባም የሚል ደንብ አለ። «አንድ ጠብታ ነው» ቢባሉም እስካሁን አልተፈታም።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከስምንተኛ ክፍል ነበሩ። ወንዶቹ በጉ ዘንድ ተሰብስበው አልነቃነቅ አሉ። አንዲት ልጅ ሊጡ ላይ ቆማ ቆየችና የአክስቴን ልጅ ጠየቀችው፦ «እናቴ እርሾ ያለቀባት ጊዜ ከጎረቤት ትወስዳለች። መጀመሪያ እንጀራው የጎረቤታችንን ይመስላል፤ እየቆየ ግን የኛን ይሆናል። ለምንድን ነው?»

የአክስቴ ልጅ ጠመኔውን አስቀመጠ። ዱቄቱ፣ ውሃው፣ ቡሃቃው፣ የእናቷ እጅ፣ የምድጃው ሙቀት ብሎ ቆጠረላትና ከነዚህ የትኛው እንደሚያሸንፍ ግን ራሷ እንድታሳየው ጠየቃት። ሰኞ ሁለቱንም እርሾ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ ሜትሊን ብሉውን እሱ ያዘጋጃል፣ ዱቄት ከአክስቴ ቤት። እኔ የማታውን መኪና ስለያዝኩ ውጤቱን በቴሌግራም ነው የምጠብቀው።